ቀጋን በግቢ ማልማት፦ ከቁራጭ እስከ አበባ፣ ለሰሜን ሸዋ ደጋና ወይና ደጋ

«ከገደል አፋፍ ቀጋ ነቅዬ ግቢዬ ተከልኩ፤ ወር ሳይሞላው ደረቀ። ድርቅ ይችላል ይባል የለ እንዴ?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመላለሳል። ቀጋ፣ ይህ እሾሃማ የዱር ጽጌረዳ፣ ድርቅ የሚችለው በሥሩ ነው። ሲነቀል ያ ሥር ድንጋይ ውስጥ ተበጥሶ ይቀራል፤ ግቢ ገብቶ የሚተከለው ቅጠልና እሾህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ የራሱ ሥር ያለው ችግኝ ማውጣት፣ ከዚያም ችግኙን የመጀመሪያውን በጋ ማሻገር። ሁለቱ ከተሳኩ ሌላው ቀላል ነው።

ቦታዎ ለቀጋ ይሆናል?

ቀጋ በተፈጥሮው የሚበቅለው በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን (2,800 ሜትር ገደማ)፣ አንኮበር፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ፣ እነዋሪ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ሸዋ ሮቢት (1,280 ሜትር ገደማ) ግን ለቀጋ ይሞቃል። እዚያ ያላችሁ አጋም ትከሉ፤ እሱም ነጭ፣ መዓዛ ያለው አበባና የሚበላ ፍሬ ይሰጣል። አጋም የሚባዛው ከበሰለ ፍሬ ወዲያው ወጥቶ በሚዘራ ዘር ነው፤ ከዚህ በታች ከተራ ቁጥር 5 ጀምሮ ያለው የአተካከልና የውሃ ሥራ፣ ውርጩ ሲቀር፣ ለእሱም ያገለግላል።

በግቢው ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይምረጡ። ጥላ ውስጥ ያለ ቀጋ አይሞትም፤ ግን ቅርንጫፉን ወደ ብርሃን ያንጠራራል፣ አበባውም ይሳሳል። ውርጭ ባለበት አገር የግቢውን ዝቅተኛ ጥግ ይተዉት፤ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደዚያ ወርዶ ይተኛል። የድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ግን ጥሩ ነው፤ ቀን ያመቀውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። ከግድግዳውም፣ ሰው ከሚመላለስበት መንገድም 2 ሜትር ያርቁት። እሾሁ ወደ ኋላ የተቆለመመ ስለሆነ ነጠላ ከያዘ አይለቅም፤ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ከሆነማ ይበልጥ ይራቅ።

ቁራጭ ከመውሰድዎ በፊት ቀጋ መሆኑን ያረጋግጡ። አበባው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ክሬም፣ 5 ቅጠል ያለው፣ መሐሉ ብዙ ቢጫ ክር የያዘ ነው። ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል፤ ልጡ አንድ ወጥና ለስላሳ ነው። ፍሬው የትናንሽ እንክብሎች ጥርቅም ከሆነ የያዙት የዱር እንጆሪ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ10 ችግኝ)

- የመግረዣ መቀስ፣ በደንብ የተሳለ
- ወፍራም የቆዳ ጓንት
- በረኪና፦ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ፣ መቀሱን ለማጽዳት
- 25 የችግኝ ፕላስቲክ፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ቁመት ያለው፣ ታቹ የተበሳሳ
- ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ለእያንዳንዱ ፕላስቲክ አንድ፤ ካልተገኘ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚሸፍን ግልጽ ላስቲክና ቀጭን የቀርከሃ ቅስት
- አፈር፣ የወንዝ አሸዋ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት
- ዶማ፣ አካፋ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን
- ገለባ ወይም ደረቅ ሣር
- ጆንያ፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ 4 ካስማ
- ለአጥር የሚሆን እሾህ

10 ችግኝ ለማግኘት 25 ቁራጭ የሚዘጋጀው ቀጋ ሥር ለማውጣት ስለሚለግም ነው። ግማሹ ከያዘ ጥሩ ነው ይበሉ። 10 ብቻ አዘጋጅቶ 4 ሲይዝለት «አልሆነልኝም» ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው።

1. ቁራጩን ይውሰዱ (ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት አጋማሽ)

ይህ ጊዜ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። ብርቱው ውርጭ እያለፈ ይሆናል፤ ችግኙም እስከ ሐምሌ ድረስ 5 ወር ያህል ሥር የመስደጃ ጊዜ ያገኛል። በግንቦት የተቆረጠ ለዚያ ዓመት ክረምት አይደርስም።

ቁራጩ ካለፈው ዓመት ዕድገት ይሁን፦ ውፍረቱ እንደ እርሳስ፣ ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መዞር የጀመረ፣ ሲታጠፍ የሚለጠጥ እንጂ የማይቀነጠስ። ለጋው ጫፍ ሥር ሳያወጣ ይጠወልጋል፤ ያረጀው ግንድ ደግሞ ወራት ቆሞ ዝም ይላል። አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ አይውሰዱ፤ ያለውን ጉልበት ለፍሬው ያደርገዋል።

ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከ4 እስከ 5 አንጓ ያለው ይቁረጡ። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓው ልክ ሥር በሰያፍ፣ የላይኛውን ከዓይኑ (አዲስ ቀንበጥ ከሚወጣበት) 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁረጡ። ሥር በቀላሉ የሚወጣው አንጓው አካባቢ ነው። ሰያፉና ቀጡ ደግሞ ቁራጩን ገልብጦ ከመትከል ያድናል፤ የተገለበጠ ቁራጭ አይበቅልም። ከላይ 2 ቅጠል ብቻ ትተው ሌላውን ያራግፉ፣ በአፈር ውስጥ የሚገባውንም ክፍል እሾህ ያንሱ።

ቁራጮቹን ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ በዚያው ቀን ይተከሉ። በጆንያ ተጠቅልለው ከሰላ ድንጋይ ደብረ ብርሃን በመኪና ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየበላቸው የመጡ ቁራጮች ማገዶ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመንዝ ጓሳ ጥብቅ ሥፍራም ሆነ ከወፍ ዋሻ ደን ምንም አይቁረጡ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም ከሰው አጥር ከሆነ አስፈቅደው ይውሰዱ። ከአንድ ቁጥቋጦ ከ5 ቁራጭ በላይ ባይወስዱ ይመረጣል፤ ከሦስት አራት የተለያዩ ቁጥቋጦዎች መውሰድ አንዱ ባይዝ ሌላው እንዲይዝ ዕድል ይሰጣል።

2. የችግኙን አፈር ያዘጋጁ

2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ ኮምፖስት ይቀላቅሉ። አፈርዎ መረሬ ከሆነ (የእነዋሪ፣ የደነባ፣ የጅሁር ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ) አፈሩን 1፣ አሸዋውን 2 ያድርጉት። መረሬ ሲረጥብ አየር ይዘጋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ጥቃቅኑን ሥር ይበጥሳል። ያልበሰለ ፍግ አይጨምሩ፤ እየበሰለ ሲሄድ የሚያወጣው ሙቀትና አሞኒያ የተቆረጠውን ጫፍ ያቃጥላል። ኮምፖስቱ መብሰሉ የሚታወቀው በሽታው ነው፦ የዝናብ አፈር ከሸተተ ደርሷል፣ በረት ከሸተተ ይቆይ።

3. ቁራጩን ይትከሉና ይሸፍኑ

አፈሩን በፕላስቲኩ ሞልተው ያጠጡት። በእንጨት ቀዳዳ አውጥተው ቁራጩን ከግማሽ በላይ፣ ቢያንስ 2 አንጓ እስኪቀበር ያስገቡ። በቁራጩ ራሱ አፈሩን መውጋት ልጡን ይገፈዋል፤ የተገፈፈው ይበሰብሳል። በዙሪያው በጣት ጫን ጫን ያድርጉ፤ በአፈሩና በቁራጩ መካከል ክፍተት ከቀረ ሥር እዚያ አይወጣም።

የሃይላንዱን ታች ቆርጠው እንደ ክዳን ይድፉበት። ሥር የሌለው ቁራጭ በቅጠሉ የሚያጣውን ውሃ መተካት አይችልም፤ ሽፋኑ እርጥበቱን ያቆይለታል። የየካቲት ነፋስ ያለ ሽፋን በጥቂት ቀን ያደርቀዋል። የጠርሙሱ ውስጥ በውሃ ጠብታ ከተሸፈነ የጠርሙሱን አፍ ክዳን ለግማሽ ቀን ይክፈቱ፣ አለዚያ ይሻግታል።

ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። በጠርሙስ የተሸፈነ ቁራጭ ላይ የቀን ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት በአንድ ከሰዓት ተቀቅሎ ያልቃል። ሌሊት ውርጭ አሁንም ካለ በረንዳ ሥር ወይም ከቤት ግድግዳ ተጠግቶ ይደር።

ውሃ በየ3 እስከ 4 ቀን ይፈትሹ። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ሲጨመቅ ውሃ የሚያወጣ አይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፦ ቅጠል ወጣ ማለት ሥር ወጣ ማለት አይደለም። ቁራጩ በግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ምግብ በ3 ሳምንት ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ሥሩ ግን ገና ነው። «በቀለልኝ» ብሎ ሽፋኑን የሚያነሳ ሰው በሳምንቱ የደረቀ ቁራጭ ያገኛል። 8 ሳምንት ይጠብቁ፤ በደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ 12 ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ሳብ ያድርጉት፤ ከተቃወመ ሥር ይዟል። በየሳምንቱ ነቅሎ ማየት የወጣውን መበጠስ ነው።

ከዘር ማውጣት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሬው በደንብ ሲቀላ ለቅመው ይክፈቱት፣ ዘሩን ከዙሪያው ጸጉር በውሃ እያሹ ይለዩ። ጸጉሩ ቆዳ ያሳክካል፣ ጉሮሮም ይቧጥጣል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ፍሬውን የሚበላ ልጅ ካለም ዘርና ጸጉሩን አውጥቶ ልጡን ብቻ እንዲበላ ይንገሩት። በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘር ይጣሉ። የሰመጠውን ለ24 ሰዓት ዘፍዝፈው በእርጥብ አሸዋ ለ2 ወር ያህል ቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩና በ1 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ። አበቃቀሉ አንድ ላይ አይደለም፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከወራት በኋላ ብቅ ይላል። ስለዚህ መደቡን ቶሎ አይገልብጡ። ከዘር የወጣው ለማበብም ከቁራጩ ይዘገያል። ረጅም አጥር የሚተክል ሰው ካልሆነ በቀር ቁራጩ ይሻላል።

4. ችግኙን ያላምዱ (ከሚያዝያ እስከ ግንቦት)

ሥር መያዙን ካረጋገጡ በኋላ ሽፋኑን በአንድ ቀን አያንሱ። የመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑ ብቻ ይከፈት፣ ሁለተኛው ሳምንት ጠርሙሱ ጧትና ማታ ይነሳ፣ በሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ከዚያ ከጥላ ወደ ጧት ፀሐይ፣ ከጧት ፀሐይ ወደ ሙሉ ፀሐይ ያሸጋግሩት። በእርጥበት ያደገ ቅጠል ስስ ነው፤ በድንገት ፀሐይ ከመታው ይነጣል።

5. ጉድጓዱን በግንቦት ይቆፍሩ

40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር። የላይኛውን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ያድርጉ። ጉድጓዱ አስቀድሞ የሚቆፈረው አየርና ፀሐይ እንዲገባው፣ የመጀመሪያውም ዝናብ ወደ ታች እንዲሰርግ ነው። ጭንጫ ከሆነ ድንጋዩን ሁሉ አይልቀሙ፤ ቀጋ ድንጋይ አይጠላም፣ ውሃ የሚያቁር አፈር ነው የሚጠላው።

ይህን ለማወቅ ጉድጓዱን ውሃ ሞልተው ይተዉት። በማግሥቱ ውሃው ገና ካለ ቦታው ያቁራል፤ እንዲህ ባለ መረሬ ላይ ጉድጓድ ውስጥ መትከል ይቅርና ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ 1 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ሠርተው እላዩ ላይ ይትከሉ፤ ዙሪያውን ቦይ ያውጡ። ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ከችግኙ በታች በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን ያድርጉ፤ የሚወርደውን ውሃ ለሥሩ ያቆምለታል።

ለአጥር ከሆነ በጉድጓዶቹ መካከል ከ75 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ለብቻው ለሚቆም ጌጥ ከሆነ ከሌላ ተክል ቢያንስ 2 ሜትር ይተዉ።

6. ይትከሉ (ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ)

ክረምቱ በደንብ ከገባና አፈሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከረጠበ በኋላ፣ ደመናማ ቀን ወይም ከሰዓት ይምረጡ። በበልግ ዝናብ መትከል ያጓጓል፤ በሰሜን ሸዋ በልጉ የሚታመን ስላልሆነ ችግኙን መሐል ላይ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላም አይትከሉ፤ ሥሩ ወደ ታች ሳይወርድ ውርጭም ድርቅም አንድ ላይ ይደርሱበታል።

የላይኛውን አፈር ከ1 አካፋ ኮምፖስት ጋር ቀላቅለው ወደ ታች ይመልሱ። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀድደው ሙሉ በሙሉ ያውጡ፤ «ይበሰብሳል» ተብሎ አብሮ የተቀበረ ፕላስቲክ አይበሰብስም፣ ሥሩን እዚያው ይጠመጥመዋል። ታች ላይ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቁረጡት። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ከፍታ ይቀመጥ፤ ግንዱ ከተቀበረ ልጡ ይበሰብሳል። በእግርዎ ቀስ ብለው ጠቅጠቅ ያድርጉ፣ ቢዘንብም 5 ሊትር ውሃ ያፍስሱበት። የዚህ ውሃ ሥራ የአየር ኪሶችን መሙላት ነው።

ዩሪያ አይጨምሩ። ናይትሮጅን የበዛበት ቀጋ ለጋ ቅርንጫፍ ያበዛል፤ በጥቅምት ውርጭ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየግንቦቱ 1 አካፋ ኮምፖስት ይበቃዋል።

7. አጥርና ጉዝጓዝ

በተተከለበት ቀን በእሾህ ይጠር። እሾሃማ ስለሆነ በግ አይነካውም ማለት ስሕተት ነው፤ የችግኙ እሾህ ገና ለስላሳ ነው፣ ለጋውን ቅጠል በግም ፍየልም ይወደዋል። 2 ዓመት ይጠበቅ።

በመስከረም፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ አረሙን ነቅለው በዙሪያው 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ ያንጥፉ። ከግንዱ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ጉዝጓዙ እርጥበት ያቆያል፣ አረም ያፍናል። ምስጥ ባለበት ወይና ደጋ ግን በገለባ ፈንታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደርድሩ፤ ሥራው አንድ ነው፣ ምስጥ አይጠራም።

8. የመጀመሪያው በጋ ውሃ

ድርቅ ቻይ የሚለው ስም ብዙ ችግኝ ያስገደለው እዚህ ላይ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ በልጉ ዝናብ፦

- አንደኛ ዓመት፦ በየ7 እስከ 10 ቀን 10 ሊትር (የጀሪካኑ ግማሽ)
- ሁለተኛ ዓመት፦ በየ3 ሳምንቱ 20 ሊትር
- ሦስተኛ ዓመት፦ በልጉ ከቀረ ብቻ፣ በወር አንድ ጊዜ

በየቀኑ 1 ኩባያ ማጠጣት አለማጠጣት ማለት ነው ባይባልም ይቀርበዋል፤ ውሃው ላይ ላዩን ስለሚቀር ሥሩም ላይ ይቀራል፣ አንድ ሳምንት የረሱት ዕለት ይደርቃል። በአንዴ ብዙ፣ በመሐሉ ረዘም ያለ ዕረፍት ሥሩን ወደ ታች ይስበዋል። ውሃውን ቀስ እያሉ ያፍስሱ፤ ወይም ጀሪካኑን ታቹ ላይ በሚስማር በስተው አጠገቡ ያስቀምጡት። ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገው ጣት ሲያስገቡ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች እርጥብ ከሆነ ያን ቀን አያጠጡ።

9. ውርጭ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንዴ እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ ባልነፈሰበት ሌሊት ይጠብቁት። በመጀመሪያው በጋ በችግኙ ዙሪያ 4 ካስማ ተክለው ማታ ጆንያ ይጣሉበት፤ ጆንያው ቅጠሉን አይንካ፣ የነካው ቦታ ብርዱን ያስተላልፋል። ጧት ፀሐይ ሲሞቅ ይነሳ።

ውሃውን ረፋድ ላይ ያጠጡ። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር የበለጠ ይይዛል፣ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቀዋል። ማታ ቅጠል ላይ የተረጨ ውሃ ግን በረዶ ይሆናል።

ጫፉ በውርጭ ቢጠቁር እስከ የካቲት አይቁረጡት። የሞተው ጫፍ ለታችኛው ዓይን መከላከያ ነው፤ አሁን ከቆረጡት አዲስ ለጋ ይወጣና እሱም ይቃጠላል።

10. መግረዝ

እስከ ሦስተኛው ዓመት የተሰበረውን ብቻ ያንሱ። ከዚያ በኋላ ፍሬው ካለቀ በኋላ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ካረጁት ግንዶች ሢሶውን ከሥራቸው ይቁረጡ። አየርና ብርሃን ወደ መሐል ይገባል፣ አዲስ ግንድም ይወጣል። ከላይ በኩል ሁሉን እኩል መከርከም ለዓይን ቢያምርም አበባው የሚወጣበትን የቅርንጫፍ ጫፍ ሁሉ ይወስዳል። መቀሱን ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ሲያዛውሩ በበረኪናው ውሃ ይንከሩት። የተቆረጠውን እሾህ ሜዳ ላይ አይጣሉ፤ ለሚቀጥለው ችግኝ አጥር ይሆናል።

ሲበላሽ የሚታዩ ምልክቶች

- ከታች ያሉ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ፣ አፈሩ እርጥብ ነው፦ ውሃ በዝቷል ወይም ያቁራል። ውሃውን ያቁሙ፣ ቦይ ያውጡ።
- ቅጠሉ ከጫፉ ይደርቃል፣ አፈሩ ደረቅ ነው፦ ውሃው ወደ ሥር አልደረሰም። ቀስ ብለው 10 ሊትር ይስጡ።
- ለጋው ጫፍ ተጨማዶ በጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ተሸፍኗል፦ ክሽክሽ ነው። 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው ማታ ላይ (ውርጭ በሌለበት ወቅት) ይርጩ፣ በ4ኛው ቀን ይድገሙ። በቀን ፀሐይ የተረጨ ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።
- በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ዱቄት፦ ዋግ ነው። የታመመውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩ።
- ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ሻጋታ፦ ብርሃንና አየር አንሶታል። መሐሉን ያሳሱ።
- ቁጥቋጦው ለምልሟል፣ አያብብም፦ ወይ ጥላ ነው፣ ወይ ፍግና ዩሪያ በዝቶበታል፣ ወይ በየዓመቱ ጫፉ ተከርክሟል። ተክሉ ገና 2 ዓመት ካልሞላው ግን ምንም አያድርጉ፣ ይጠብቁት።